ውሻዬን ሚጥሚጣን አደን ያስጀመርኩበት እርሻ፦ ዋጋውን ያወጣል ወይ?

መልሱን ፊት ለፊት ልንገራችሁ፤ ያወጣል። ቴሪየር (ጎሬ ገብቶ እንዲያድን የተራባ ትንሽ ውሻ) ቡችላ ኖሯችሁ "ይቺ ውሻ ምን ነክቷት ነው ግቢውን እንዲህ የምታርሰው?" እያላችሁ ከሆነ ሂዱ። በአንድ ቀን አዳኝ ሆና ትመጣለች ብላችሁ ከሆነ ግን ገንዘባችሁን ያዙ፤ እዚያ የሚሸጠው እሱ አይደለም። ጥሩውንም መጥፎውንም እጽፋለሁ። መጥፎውም ስላለበት የቦታውን ስም አልጠራም። ከዋሽንግተን ወደ ምዕራብ፣ ቨርጂኒያ ገጠር ውስጥ ያለ እርሻ ነው። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

አገልግሎቱ የግማሽ ቀን ነው፣ ለአንድ ውሻ 65 ዶላር። ሥራ አይተው የማያውቁ ቡችሎችን፣ በተለይ ጃክ ራስል፣ ቦርደር፣ ኬርን፣ ኖርፎክ የመሳሰሉትን ቴሪየሮች፣ ከአይጥ ጠረን፣ ከጭድ ክምርና ከጠባብ ጎሬ ጋር ያስተዋውቋቸዋል። የሚሞት አይጥ የለም፣ የሚነከስም የለም። ይሄን ቀድሜ የምለው ገና "አይጥ አደን" ስል ፊታቸው የሚቀየር ወዳጆች ስላሉኝ ነው። አይጦቹ ሰው እጅ ላይ ያደጉ የቤት አይጦች ናቸው። ወይ አየር በሚያስገባ ጠንካራ የፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ፣ ወይ ከእንጨት ፍርግርግ ኋላ ባለ ሳጥን ውስጥ ነው የሚቆዩት። ውሻው ያሸታቸዋል፣ ይጮህባቸዋል፣ አይደርስባቸውም።

የኔዋ ጃክ ራስል ናት። ስሟ ሚጥሚጣ። ያወጣችላት የእህቴ ልጅ ናት፣ አላጋነነችም። ስምንት ወር ሲሞላት ጓሮ የተከልኩትን ጤና አዳም ከነሥሩ ነቅላ፣ ከሥር የገባች ቺፕመንክ (ጀርባዋ ላይ መስመር ያላት አይጥ መሰል ትንሽ እንስሳ) ፍለጋ ክንዴን የሚውጥ ጉድጓድ ቆፈረች። ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል አይቶ ሳቀ። ሳምንት ሳይቆይ የሱንም ሣር ስትጀምር ሳቁን አቆመ።

እርሻው ላይ እያለሁ እናቴ ከደሴ ደወለች።

"የት ነሽ?"

"ውሻዬን ላስተምር መጥቼ ነው።"

"ምን?"

"አይጥ መፈለግ።"

ትንሽ ዝም ብላ "ድመት አትገዢም ታዲያ?" አለችኝ።

ጥያቄዋ ደህና ጥያቄ ነው። ድመት ግን ስትፈልግ ነው የምታድነው፣ ያውም ብቻዋን። ቴሪየር ከሰው ጋር ተስማምቶ እንዲሠራ፣ ሰው የማይገባበት ገብቶ "እዚህ ጋ ነው" ብሎ እንዲጮህ በትውልድ ትውልድ ተመርጦ የተራባ ውሻ ነው። ጃክ ራስልን ብንወስድ፣ ስሙ የመጣው ጆን ራስል ከሚባል እንግሊዛዊ ቄስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1819፣ ገና ኦክስፎርድ ተማሪ ሳለ፣ ማርስተን የምትባል መንደር ውስጥ ካገኘው ወተት ሻጭ ላይ ትራምፕ የምትባል ሴት ቴሪየር ገዛ። ነጭ ናት፣ ዓይኗና ጆሮዋ ላይ ቡኒ ጣል ጣል ያለባት። የሱ የውሾች ዘር ከእሷ ይጀምራል። ሰውዬው የሚፈልገው ከፈረሱ ኋላ ሲሮጥ ውሎ፣ ቀበሮ ጎሬ ሲገባ ተከትሎ ገብቶ በጩኸት የሚያስወጣ ውሻ ነበር። የሚገድል ውሻ አልነበረም የፈለገው። ይሄን ያወቀ ሰው ውሻው ሶፋ ሥር ገብቶ ሲጮህ ብዙም አይገርመውም።

ወደ እርሻው እንመለስ። በሩ ላይ መጀመሪያ የሚጠይቁት የክትባት ወረቀት ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ብቻ አይበቃቸውም፤ የሌፕቶስፓይሮሲስም ካልተሟላ ውሻው ከመኪና አይወርድም። ከኔ ፊት የነበሩ ባልና ሚስት ሁለተኛው መርፌ ስለቀራቸው ተመለሱ። ሴትየዋ ተናዳለች፣ እኔ ግን ደስ አለኝ። ሌፕቶስፓይሮሲስ በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ረግረግና እርጥብ አፈር ላይ ይቆያል፣ የውሻውን ኩላሊትና ጉበት ይጎዳል፣ ሰውም ይይዘዋል። ክትባቱ በሁለት ጊዜ ይሰጣል፣ በመሀሉ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያል፣ ከዚያ በየዓመቱ ይደገማል። ስለዚህ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት ሐኪም ጋ ሂዱ። እንዲህ ያለ ቦታ "ወረቀት አያስፈልግም" ካላችሁ መኪናችሁን አዙሩ።

ቀጥሎ ልኬታ ነው። አሰልጣኟ፣ ዕድሜዋ ገፋ ያለ፣ እጇ ሁሉ በአሮጌ ጭረት የተሞላ ሴት ናት፣ ሚጥሚጣን ከኋላ በኩል ጠጋ ብላ ሁለት እጇን ከፊት እግሮቿ ኋላ ደረቷ ላይ ጠመጠመችና የፊት እግሮቿን ከመሬት ከፍ አደረገች። ሁለቱ አውራ ጣቶቿ ከላይ፣ ሌሎቹ ጣቶቿ ከታች ተገናኙ። ቀስ አድርጋ ጨመቅ አደረገቻት። የጎድን አጥንቷ እሺ ብሎ ገባ፣ ተመለሰ። "ትገባለች" አለች። አለቀ። በሁለት እጅ የማይታቀፍ ደረት ቀበሮ የገባበት ጎሬ ላይ ተቀርቅሮ ይቀራል፣ ለዚህ ነው እስከዛሬም የውሻ ውድድር ዳኞች ውሻውን እንዲህ አቅፈው የሚያዩት። እኔ ስሞክረው ሚጥሚጣ ዞራ አፍንጫዬን ላሰችኝ፣ ልኬታው በዚሁ ቀረ።

የመጀመሪያው ክፍል የጭድ መጋዘኑ ውስጥ ነው። በጭድ እስሮች መሀል ሦስት ቱቦዎች ተቀምጠዋል። አንዱ ባዶ ነው። አንዱ ውስጥ አይጥ የተኛችበት ጉዝጓዝ ብቻ አለ። ሦስተኛው ውስጥ አይጧ ራሷ አለች። ባርን ሀንት የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2013 አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው ስፖርት መግቢያ ፈተናው እንዲሁ ነው፤ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ውሻው አይጧን ያገኛል፣ እናንተ ደግሞ ውሻችሁን አይታችሁ "ይሄ ነው" ትላላችሁ። ቱቦዎቹ ለሰው ዓይን አንድ ናቸው። ስለዚህ ፈተናው ግማሹ የእናንተ ነው።

ሚጥሚጣ ገብታ መጀመሪያ ያደረገችው ጭዱ ላይ መሽናት ነው። ውድድር ቢሆን ኖሮ እዚያው ላይ ወደቀች ማለት ነው። ከዚያ ባዶውን ቱቦ አሸት አድርጋ አለፈች። ጉዝጓዙ ያለበት ጋ ቆም አለች፣ ጅራቷ ይወዛወዛል፣ አፍንጫዋ ፈጠን ፈጠን ይላል። እኔ "ይሄ ነው!" ልል አፌን ስከፍት አሰልጣኟ ክንዴን ያዝ አድርጋ "ጅራቷን ተይና ጎኗን እይ" አለችኝ። አየሁ። ሦስተኛው ጋ ስትደርስ ጅራቷ ቀጥ አለ። ያ ፈጣን ማነፍነፍ ቆመና አንድ ረጅም ትንፋሽ ስባ ያዘችው፣ ጎኗ ተነፍቶ ቀረ። የቀኝ እግሯን አንስታ አየር ላይ አንጠለጠለች። ከዚያ ቱቦውን በጥፍሯ አንዴ ጫር አደረገችና ዞራ አየችኝ። ውስጥ ያለችው አይጥ፣ በቀዳዳው እንዳየሁት፣ ፊቷን እየታጠበች ነበር።

ከዚያ ነው ክፍያው ዋጋ እንዳለው የገባኝ። ሚጥሚጣ መጮህ ጀመረች፣ ደሟ ሞቀ፣ ቱቦውን ልታገላብጥ ተነሳች። እኔ ገና ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ ልቀርጽ ስል አሰልጣኟ "በቃ፣ አውጫት" አለችኝ። እንዴ! ለዚህ አይደል እንዴ የመጣነው? እሷ ግን ለሁሉም ቡችላ እንደዚሁ ነው ያደረገችው። ገና ግለቱ ሲመጣ ታስወጣዋለች። ምክንያቷን ስትናገር፣ የሰለቸው ቡችላ ሥራውን ራሱ መተው ይማራል፣ ሳይሰለች የወጣው ግን ማታውን ሲያስበው ያድራል ትላለች። ማታ ሚጥሚጣ በእንቅልፏ እግሯን ስታራግፍ አደረች፣ ምናልባት እሱ ይሆናል፣ ምናልባት ሌላ ሕልም ነው።

ሁለተኛው ክፍል ጎሬው ነው። መሬት ተቆፍሮ በእንጨት የተሠራ መተላለፊያ ተቀብሮበታል፣ ከላይ ሣር ለብሷል። ስፋቱ 9 ኢንች ከፍታውም 9 ኢንች፣ ማለትም 23 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ርዝመቱ 10 ጫማ፣ አንድ ቀጥ ያለ መታጠፊያ አለው። መጨረሻው ላይ ከፍርግርግ ኋላ አይጦች አሉ። ይሄ መጠን ከአየር የመጣ አይደለም፤ አሜሪካን ኬነል ክለብ የሚባለው የውሻ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1994 በጀመረው፣ ኧርዝዶግ በሚባለው የጎሬ ፈተና ላይ የጀማሪዎቹ ጎሬ እንዲሁ ነው። ስድስት ወር የሞላው ቴሪየር ወይም ዳክስሁንድ (ያ እግሩ አጭር፣ ወገቡ ረጅም ውሻ) መግባት ይችላል። አይጡ ጋ ለመድረስና ሥራ ለመጀመር ሁለት ደቂቃ ይሰጠዋል፣ ከዚያ 30 ሰከንድ መጮህ፣ መቆፈር ወይም ዓይኑን ሳይነቅል ማፍጠጥ ይበቃዋል። ቀጣዩ ደረጃ ላይ ጎሬው 30 ጫማ ይሆናል፣ መታጠፊያውም ሦስት። ከፍ ሲል ደግሞ የሐሰት መውጫና አይጥ የሌለበት ባዶ ማደሪያ ይጨመርበታል፣ ባለቤቱም ውሻውን ጠርቶ ማስወጣት አለበት። እዚያ ላይ ስንት ጎበዝ ውሻ ይወድቃል መሰላችሁ፤ ገባ፣ አገኘ፣ ጮኸ፣ ከዚያ "ና" ሲባል ማን ይስማ!

ሚጥሚጣ አፉ ላይ ደርሳ ቀጥ አለች። አንገቷን አስገባች፣ አወጣች። ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዳ ጮኸችበት። ከኛ ቀድሞ ተራው የደረሰ አንድ ሰውዬ የራሱን ውሻ መቀመጫውን ይዞ ሊያስገባው ሲሞክር አሰልጣኟ እጁን ጠበቅ አድርጋ አስለቅቃዋለች፣ ስለዚህ እኔ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ። አሰልጣኟ ያደረገችው ቀላል ነገር ነው። የመተላለፊያው ክዳን በክፍል በክፍል የሚነሳ ነው። መታጠፊያው ላይ ያለውን ክዳን ከፈተችው፣ ብርሃን ገባ። ሚጥሚጣ ከላይ ሆና ወደ ታች አየች፣ አሸተተች፣ ጠረኑ ከየት እንደሚመጣ ገባት። ተመልሳ ወደ አፉ ሮጣ ሄደች፣ ጠፋች። ከምድር በታች የአንዲት ትንሽ ውሻ ጩኸት ሲሰማ ሆድ ይረብሻል፣ አልዋሻችሁም። እሷን ግን ምንም አልረበሻትም።

አንገቷ ላይ ያለው ማሰሪያ ከመግባቷ በፊት ወልቋል፣ ጎሬ ውስጥ ምስማር ወይም ሥር ቢይዘው አደጋ ስለሆነ። ውድድር ላይም ራቁት አንገታቸውን ነው የሚገቡት። ይሄንን ማንም ሳያስታውሳቸው የእርሻው ሰዎች ራሳቸው ናቸው የሚፈትሹት፣ ለሁሉም ውሻ፣ አንድም ሳይዘሉ።

ተራ ስንጠብቅ አንድ የኛ አገር ሰው አገኘሁ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የመጡ፣ ቦርደር ቴሪየር የያዙ። እዚያ ቦታ ሀበሻ አገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም፣ እሳቸውም እንደዚሁ። ያደጉት ጎጃም ገጠር ነው። ጃርት ድንቹን እየጨረሰ ሲያስቸግር ሌሊት በውሻ ያድኑ እንደነበር አጫወቱኝ።

"ቡችላም ይዛችሁ ትሄዱ ነበር፣ ጋሼ?" አልኳቸው።

"የለም የለም፣ የኔ ልጅ። ጃርት አፍንጫውን የወጋው ቡችላ ሁለተኛ ከቤት አይወጣም። ትልልቆቹ ይሄዳሉ፣ ቡችላው ሲመለሱ ያሸታቸዋል። ትምህርቱ እሱ ነበር።"

ለአሰልጣኟ ተረጎምኩላት። ራሷን ነቀነቀችና "ይኸው፣ በነፃ ተናገሩት" አለች። የሷም ሐሳብ ተመሳሳይ ነው። ስድስትና ስምንት ወር ላይ ቱቦና ፍርግርግ ይበቃል። ጥርሱ ተቀይሮ ካለቀ፣ ሰውነቱ ከጠና፣ ስትጠሩት ከመጣ፣ ከዚያ ዓመት ገደማ ሲሆነው ስለ እውነተኛ አይጥ ማሰብ ይቻላል። ቀድሞ የተነከሰ ቡችላ ወይ ይፈራል፣ ወይ ከልክ በላይ ይቆጣል፣ ሁለቱም ለሥራ አይሆኑም።

አሁን ወደ ቅሬታው። ብዙ ውሻ አስገብተዋል። ቴሪየር እርስ በርሱ ቶሎ የሚጣላ ውሻ ነው፣ ግለት ሲጨመርበት ደግሞ ይባስ። እኛን ግን አንድ አጥር ጥግ ላይ ትከሻ ለትከሻ አቆሙን። አንድ ፎክስ ቴሪየርና አንድ ጃክ ራስል ተያያዙ፣ ጆሮ ተቀደደ፣ ደም ወጣ። ትልቅ ነገር አልነበረም፣ ግን ቀድሞ መከላከል የሚቻል ነገር ነው። የራሳችሁን የውሻ ሣጥን ይዛችሁ ኑ ብለው በኢሜይል ቢጽፉ ኖሮ ግማሹ ችግር ይወገድ ነበር። አልጻፉም። የጻፉት ስለ መኪና ማቆሚያ ነው፣ እሱም ጭቃ ነበር።

ሌላው ዝናብ ነው። ዝናብ ከዘነበ ቀን ይቀይሩላችኋል፣ ገንዘብ ግን አይመልሱም። የሚቀየርላችሁ ቀን ደግሞ እነሱ የሚመርጡት ነው። ሁለት ሥራ ለሚሠራ ሰው ይሄ አይሆንም። ስልክ አያነሱም፣ ኢሜይል ለመመለስ ቀናት ይወስዳሉ። መፀዳጃው የግንባታ ቦታ ላይ የሚቆመው ዓይነት ነው፣ እጅ መታጠቢያ ግን አለው፣ ሳሙናም። አይጥ የነካ ሰው እጁን መታጠብ ስላለበት እሱን አልነቅፍም። ቡና የለም። ፔርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

መውጫው ላይ ያለው ሱቅ ደግሞ ተጠንቀቁት። ተጣጣፊ የልምምድ መተላለፊያ በ140 ዶላር ይሸጣሉ። ልጆች ቤት ውስጥ የሚዳሁበት የጨርቅ መተላለፊያ አለ አይደል? እሱ በጣም ባነሰ ዋጋ ይገኛል፣ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው። ጎሬ ውስጥ ያለን ውሻ የሚያመለክት የአንገት መሣሪያም አላቸው። ጥሩ ዕቃ ነው፣ ግን እውነተኛ ጎሬ ለሚያስገባ ሰው ነው፣ ለናንተ ቡችላ ምንም አያደርግም። የገዛሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፣ 30 ጫማ የሆነ ረጅም ማሰሪያ። ጭቃ የማይዝ፣ በውሃ የሚለቀቅ፣ እጅ የማይልጥ። በየቀኑ እጠቀምበታለሁ።

የቤት ሥራም ይሰጣሉ፣ ይሄ ክፍል ለኔ ከሁሉም የጠቀመኝ ነው። በአይጥ ጉዝጓዝ የታሸ ጨርቅ በፕላስቲክ ከረጢት ይሰጧችኋል። ጨርቁን በክር አስራችሁ ሣር ላይ ትጎትቱታላችሁ፣ ካርቶን ሥር ትደብቁታላችሁ፣ ቡችላው ይፈልገዋል። ሲያገኝ ታሞግሱታላችሁ፣ ከዚያ ያዘውን እንዲለቅ በቁራሽ ሥጋ ትለዋወጡታላችሁ። በጉልበት ከአፉ መንጠቅ የለም፤ ያገኘውን የሚነጠቅ ውሻ ሁለተኛ ይዞ ይሸሻል። ደቂቃ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ከዚያ ጨርቁ ወደ ከረጢቱ ይመለሳል። ፉጨት ላይ መምጣትን ደግሞ ከምግብ ሰዓት ጋር ያያይዙታል፣ እራት ከመቅረቡ በፊት ፉጨት ይነፋል። ሚጥሚጣ አሁን ፉጨት ስትሰማ ከየትም ትመጣለች፣ ቺፕመንክ ካላየች። ካየች... እሱን ገና እየሠራንበት ነው።

ዶሮና ድመት ያላችሁ ደግሞ ይሄን ልብ በሉ። ስልጠናው "ይሄን ፈልግ" ብቻ አይደለም፣ "ያንን ተው"ም አለበት። እርሻው ላይ ዶሮዎች በነፃነት ይዞራሉ፣ ቡችሎቹ በማሰሪያ ታስረው በመሀላቸው ያልፋሉ። ዶሮ ላይ ዓይኑን የተከለ ውሻ ይቆማል፣ ባለቤቱ ጠርቶት ፊቱን ሲያዞር ይሸለማል። ሚጥሚጣ በዚህኛው ጎበዝ አይደለችም። አውራ ዶሮው ራሱ ገሰጻት፣ ከዚያ በኋላ ዞር ብላ ነው ያለፈችው።

"ይሄ ሁሉ ወጪ ለምን? አዳምስ ሞርጋን በነፃ አለልሽ" ያለኝ ሰው አለ። እውነቱን ነው፣ አለ። ዋሽንግተን ውስጥ፣ አዳምስ ሞርጋን በሚባለው ሰፈር፣ ውሻ ያላቸው ሰዎች ማታ ማታ ተሰብስበው በየምግብ ቤቱ ጓሮ ያሉ አይጠ መጎጦችን ያድናሉ፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ዜና ላይ ሳይቀር ወጥቷል። ያ ሰፈር የኛ ሰፈር ነው፣ 18ኛው ጎዳና ላይ ስንቶቻችን ነን የመጀመሪያ ክትፏችንን የበላነው። ኒው ዮርክም ራይደርስ አሊ ትሬንቸር ፌድ ሶሳይቲ የሚባል ቡድን ማንሃተን ውስጥ ይሄንኑ ሲሠራ ብዙ ዓመቱ ነው። ሥራቸውን አደንቃለሁ። ግን የነሱ ውሾች የጠኑ፣ ጠባሳ ያላቸው፣ አንዱ ቁጥቋጦውን ሲያናውጥ ሌላው መውጫው ላይ የሚጠብቅ፣ ሥራ ተከፋፍለው የሚሠሩ ናቸው። የስምንት ወር ቡችላ እዚያ መውሰድ አልመክርም። የጠርሙስ ስባሪ አለ፣ የከተማ አይጥ ደግሞ ዞሮ ይናከሳል።

መርዙም አለ። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው፤ መርዙን የበላች አይጥ የበላ ውሻ ለቀናት ምንም ሳይመስል ይቆይና ከዚያ ድዱ ይደማል፣ ይደክማል፣ ትንፋሽ ያጥረዋል። መድኃኒት አለው፣ ቫይታሚን ኬ1 ነው፣ ለሳምንታት ይሰጣል፣ ግን ቶሎ ከተደረሰበት ነው። ውሻችሁ መርዝ መብላቱን ከጠረጠራችሁ ምልክቱን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ። አሰልጣኟ ይሄን ስትናገር አንድም ሰው ስልኩን አላየም።

ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የእንግሊዝ ቪዲዮ አይታችሁ "እኔም ውሻዬን ቀበሮ ጎሬ ላስገባ" የምትሉ ካላችሁ፣ እዚያም ቢሆን እንደድሮው አይደለም። እ.ኤ.አ. ከየካቲት 2005 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ በሕግ ተገድቧል። ለተኩስ አደን የሚረቡ ወፎችን ለመጠበቅ ካልሆነ በቀር ቴሪየር ጎሬ ማስገባት አይፈቀድም፣ ሲፈቀድም በአንድ ጊዜ አንድ ውሻ ብቻ ነው፣ የመሬቱ ባለቤት የጽሑፍ ፈቃድም ያስፈልጋል። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ ሕጉ ከግዛት ግዛት ይለያያል፣ ከመሄዳችሁ በፊት የግዛታችሁን ጠይቁ። የቱቦና የፍርግርግ ጨዋታው ከዚህ ሁሉ ጣጣ ነፃ ያወጣችኋል።

ለማን አይሆንም? ቤቱ አይጥ የገባበትና ውሻው እንዲያጸዳለት ለሚፈልግ ሰው፣ አይሆንም። ወጥመድ ግዙ። ድምፅ ለሚፈራ፣ ሰው ሲያይ ለሚደበቅ ቡችላም ገና ነው፣ ጩኸቱ ብዙ ነው። አይጥ ሲያይ ለሚዘገንነው ባለቤትም ትንሽ ይከብዳል፣ ምክንያቱም አንድ ጊዜ ቱቦውን ራሳችሁ እንድትይዙ ያደርጓችኋል። እኔ ያዝኩት። ሞቃት ነው፣ ውስጡ የሆነ ነገር ይንቀሳቀሳል፣ ከዚያ በላይ አልገልጽም።

የአይጦቹን ሁኔታ ጠይቄያለሁ፣ እሱን ሳላነሳ ባልፍ ትወቅሱኛላችሁ። በፈረቃ ነው የሚሠሩት። ከተወሰነ ዙር በኋላ ወደ ትልቁ ቤታቸው ይመለሳሉ፣ ውሃና ኪያር ይሰጣቸዋል። የሚንከባከባቸው ወጣት ልጅ እያንዳንዳቸውን በስም ያውቃል። ቱቦውን እያነሳ መሬት ላይ የሚጥል ውሻ ካለ ወዲያው ጣልቃ ይገባል፣ ባለቤቱ ቢቆጣም አይሰማም። አንዷን አይጥ ትከሻው ላይ አስቀምጦ ነበር የሚዞረው፣ ያ ሁሉ ቴሪየር እየተጯጯኸ እሷ አንገቱ ሥር ተኝታለች።

እንግዲህ ከአምስት ኮከብ አራት እሰጣለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለዚያ አጥር ጥግና ለኢሜይሉ ነው። መሄድ የምትፈልጉ፣ የጠዋቱን ክፍለ ጊዜ ያዙ፣ ከሰዓት በኋላ ውሾቹም አሰልጣኟም ይደክማሉ። የውሻ ሣጥን፣ ውሃ፣ ፎጣ፣ የክትባት ወረቀት፣ ጭቃ የሚችል ጫማ ይዛችሁ ሂዱ። በጋውን ሙቀት ስለሆነ መስከረም አካባቢ ብትይዙ ይሻላል፣ የዚያን ወር ቦታ ደግሞ ሐምሌ ላይ ነው የሚከፍቱት፣ ቶሎ ያልቃል። እኔ ለሚጥሚጣ ለ30 ጫማው ጎሬ ተመዝግቤያለሁ፣ ከሲልቨር ስፕሪንጉ ጋሼ ጋር በአንድ መኪና ነው የምንሄደው፣ ሣጥን ሁለታችንም ይዘናል።